የቤዛ ዓይንና የኔ መቀስ

ሰኔ 19፣ እንጅባራ

ዛሬም ቅባት ሰጡን።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ቅባት ፍለጋ አልነበረም። ቅባትማ ሞልቶኛል፤ ክዳኑ ያልተከፈተ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል። የሄድኩት «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ለመጠየቅ ነው። ልጄ ቤዛዊት አራት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ የዓይኗ ብሌን እንደ ሌላ ሰው ክብ አይደለም። ጥቁሩ ከመሀል ወደ ታች ወርዶ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። ሁለቱም ዓይኖቿ እንደዚያ ናቸው፤ የግራው ይብሳል። ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም፤ ልጅቷን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ነው። ነርሱ ግን ስልኩን እንኳ ከእጁ ሳያስቀምጥ «ፊቷን በንጹሕ ውኃ እጠቢያት፣ ጠዋትና ማታ ቀቢያት» አለኝ።

«ከልደቷ ጀምሮ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ስታድግ ይስተካከላል።»

ስትወለድም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ትንሽ ከፍ ስትል አንዱ «ሞራ ነው» ብሎ አስለቀሰኝ። የሚቀጥለው ደግሞ «ሞራ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ግን እንጃ» አለኝ። ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

ሰኔ 24

መዋዕለ ሕፃናት ላስመዘግባት ወሰድኳት። መምህርቷ ዮዲት ትባላለች፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ሥዕል እያሳየች «ላሟ የታለች? ዶሮዋስ?» አለቻት። ቤዛ ላሟንም ዶሮዋንም አገኘች። «ፀሐይዋስ?» ስትላት ጣቷ ሥዕሉ ላይ ተንከራተተ። ፀሐይዋ ከላይ ናት። ቆይታ አገጯን ሽቅብ አንሥታ «ይቻት!» አለች።

ዮዲት ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ዓይን የሚያውቅ ሐኪም ይያትና ወረቀት አምጪልኝ። አልቀበላትም ማለቴ አይደለም። የት እንደማስቀምጣት፣ ከምን እንደምጠብቃት ልወቅ ብዬ ነው።»

እውነቷን ነው። ግን ከኋላዬ ተራ የምትጠብቅ ሴትዮ ለጓደኛዋ «ዓይኗ የድመት ነው» ስትል ሰማኋት። ቤዛም ሰምታለች። መንገድ ላይ «እማ፣ ድመት በጨለማ ታያለች አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ታያለች አልኳት። ደስ አላት።

እኔን ግን እስካሁን ያቃጥለኛል።

ሐምሌ 1

የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት ተጀምሯል። እጄ ከመቀስ አይለይም።

እማማ ሸጋ፣ የባለቤቴ እናት፣ መጥተው የስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጡ። ጨርቅ ስቆርጥ ሲያዩኝ ቆይተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «በኛ ዘር እንዲህ ያለ ዓይን የለም» አሉ።

«እግዜር የሰጠው ነው እማማ።»

«እግዜርማ ሙሉ ነው የሚሰጥ። እርጉዝ ሆነሽ ይሄን መቀስ ከእጅሽ ለዪው ብዬሽ ነበር። ሰምተሽኛል? ጨርቅ ስትቆርጪ የልጄን ልጅ ዓይን ቆረጥሽው።»

እንየው እዚያው ነበር። ባለቤቴ ነው፤ አንድ ቃል ማለት ይችል ነበር። የባጃጁን ቁልፍ እያገላበጠ መሬት መሬቱን ያያል። እናቱን ስለሚያከብር ነው። ቢሆንም፣ አንድ ቃል!

ከሄዱ በኋላ «አንተም መቀሱ ነው ትላለህ?» አልኩት።

«ተያት ማኔ፣ እርጅና ነው።»

«እኔ የጠየቅኩህ አንተን ነው።»

ተነሥቶ ወጣ። ሲወጣ የበሩ ጉበን ግንባሩን መታው። ራሱ የሠራው በር ነው፤ አሁንም አሁንም ይመታዋል። ልቡ እቤት ውስጥ የለም ማለት ነው።

ሐምሌ 3

መቀስ ሆድ ውስጥ ያለ ዓይን አይቆርጥም። አውቃለሁ። ሞኝ አይደለሁም።

ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ስቆርጥ ነበር? ወፍራም ካቦርት ነበር መሰለኝ፤ በሁለት እጄ ይዤ ነው የቆረጥኩት። እማማ ተዪ ሲሉኝ እልህ ይዞኝ ጨመርኩበት።

ሞኝ አይደለሁም።

ሐምሌ 8

በመጨረሻ አንዲት ነርስ በባትሪ አየቻት። «ይሄ የኛ ሥራ አይደለም፤ ባሕር ዳር መታየት አለባት» ብላ ሪፈር ጻፈችልኝ። ቀጠሮም አስያዘችልኝ። ልስማት ነበር።

ሐምሌ 12

መንገድ ተዘጋ።

ሐምሌ 13

እንደተዘጋ ነው። ኔትወርክ የለም። ቀጠሮው ነገ ነው፤ ደውዬ እንኳ መናገር አልችልም።

ሐምሌ 16

ሚኒባሶቹ እስከ ዳንግላ መሄድ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ግን የሚያውቅ የለም። ቀጠሮው አልፏል። ዩኒፎርም አበላሸሁ፤ ሁለቱንም እጅጌ የቀኝ አድርጌ ሰፋሁት።

ሐምሌ 20

እማማ ሸጋ ቤዛን ጸበል ይወስዷታል። አልከለከልኩም፤ እኔም አምናለሁ። ቄሱ ራሳቸው «ሕክምናውንም አትተዉ» ብለዋቸዋል። ያንን ግን ነግረውኝ አያውቁም፤ ከጎረቤት ነው የሰማሁት።

ዛሬ ከጸበል ያመጣት እንየው ነው። በጭጋጉ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ ከበር ሆኜ አየኋቸው። ሁለቱም አገጫቸውን ቀና አድርገው ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ ስንተዋወቅ የሱን ኩራት መስሎኝ ነበር። ቤዛ አካሄዷ ቁርጥ አባቷን ነው። ጎረቤቶችም ይሉታል።

የባጃጁ ሸራ ከፊት በኩል እንደገና ተቀዷል። የሱቅ በረንዳ ነው አለ። እንጅባራ ያለ በረንዳ ሁሉ እሱን ጠላት አድርጎ ይዞታል?

ሐምሌ 26፣ ባሕር ዳር

ደረስን። እንየው አልመጣም። «ባጃጁን ለማን ልተወው?» አለ። ቤዛን አዝዬ ብቻዬን መጣሁ።

ሐኪሟ ዶክተር አምሳለ ትባላለች፤ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ለቤዛ ጠብታ አደረገችላት፤ ብሌኗ እስኪሰፋ ጠብቀን ገባን። ግንባሯ ላይ መብራት አስራ ረጅም ጊዜ አየቻት። ስትጨርስ ወንበሯን ወደኔ አዞረች።

«ኮሎቦማ ይባላል» አለችኝ። ስም አለው! አራት ዓመት ሙሉ ስም ያለው ነገር ነበር፤ የሚነግረኝ ሰው ግን ጠፋ።

ሁለት እጆቿን እንደ ጽዋ አድርጋ ገጠመቻቸው። ዓይን ሲፈጠር ከሥር በኩል ክፍት ነው አለችኝ። በእርግዝናው ሁለተኛ ወር ገደማ ይገጥማል። የቤዛ አልገጠመም። ብሌኑ ወደ ታች የፈሰሰ የሚመስለው ቀለሙ ያለበት ክፍል እዚያ ጋ ስለሌለ ነው። የጎደለው ደግሞ ከፊት ብቻ አይደለም፤ ከኋላ፣ የምናይበት ስስ ሽፋንም ከታች ጎድሏል።

«ታዲያ ከታች ከጎደለ ለምን ከላይ ያለውን አታይም?»

«ዓይን ላይ ነገሩ ግልብጥ ነው። ከላይ የሚመጣውን ብርሃን የሚቀበለው የታችኛው ነው።»

የዮዲት ሥዕል ላይ ያለችው ፀሐይ ትዝ አለችኝ።

«ኦፕራሲዮንስ?»

«የጎደለውን የሚመልስ የለም። አልዋሽሽም። ያላትን ግን መጠበቅና ማጠንከር ይቻላል።» መነጽር አዘዘችላት፤ ብርሃን የሚቀንስ፣ ዓይኗንም ከመመታት የሚከላከል። ግራው እንዳይሰንፍ ደህናው ዓይን በቀን የተወሰነ ሰዓት በፕላስተር ይሸፈን አለች። በየዓመቱ ትታይ፤ ድንገት ብልጭታ አየሁ ወይም መጋረጃ ወረደብኝ ካለች ደግሞ በዚያው ቀን ትምጣ። አንዳንዴ አብረው ይጎዳሉ ብላ ልቧንና ኩላሊቷንም አስመረመረቻት፤ ይመስገን፣ ደህና ነው።

ከዚያ ስለ መቀሱ ጠየቅኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ዓይን በሚገጥምበት ጊዜ ብዙ እናት ማርገዟንም በቅጡ አታውቅም። መቀስሽ ምንም አላደረገም።»

«ታዲያ ማን አደረገው?»

«ማንም። እንዲሁ የሚከሰት አለ፤ በዘር የሚመጣም አለ።» የኔን ዓይን አየችና «ያንቺ ንጹሕ ነው። የአባትየውስ?» አለችኝ።

«የሱ ደህና ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ክፍተቱ ያለበት ሰው አለ። አምጪልኝ፤ ልየው።»

ያንቺ ንጹሕ ነው ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ፊቴ ተቀምጣ በጠብታው ዓይኗን እያሸች፣ እኔ ለራሴ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ሐምሌ 28

ለእንየው ሁሉንም ነገርኩት። ስለ መቀሱ ስነግረው አንገቱን ደፋ። «አንተም ትታይ ብላለች» ስለው ግን ተነሣ።

«እኔ ምን ሆኛለሁ? መኪና እየነዳሁ የምውል ሰው!»

«ሆነሃል አላልኩም። ለልጅቷ ነው።»

«አልሄድም ማኔ። በቃ።»

እኔ ወነጀልኩት ብሎ ነው የተቆጣው። አነጋገሬ ይሆናል። ማውራት አላውቅም።

ነሐሴ 5

ፕላስተር። ለቅሶ። ፕላስተር። ለቅሶ። መነጽሩን ትወደዋለች፤ ፕላስተሩን ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። ጎትቼ አወጣታለሁ። ደህናው ዓይን ሲሸፈን ግድግዳ እየዳበሰች ትሄዳለች፤ እሱን ማየት አልችልም። ዘወር ብዬ እሰፋለሁ።

እንየው ፕላስተር ስለጥፍ ከቤት ይወጣል።

ነሐሴ 9

ገበያ ደርሼ ስመለስ ፕላስተሩ መሬት ላይ ነው። እማማ ሸጋ ቤዛን አቅፈው ተቀምጠዋል።

«ደህናውን ዓይን ልታሳውሪብኝ ነው?»

«ሐኪሟ ናት ያዘዘችው እማማ!»

«ሐኪም እናት አይሆንም።»

ጮህኩባቸው። በሕይወቴ በትልቅ ሰው ላይ ጮሄ አላውቅም። እንየው ገባና በአገውኛ ማውራት ጀመሩ። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ከሰላምታና ከገበያ ቃል ሌላ አገውኛ አልችልም። «ዓይን» የምትለዋን ቃል ግን ለይቼ አውቃታለሁ፤ በልጄ ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ደጋግመው አሏት። እማማ በጣታቸው ወደ እንየው እያመለከቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ መለመን ነገር ነው የተናገሩት። እሱ አንዲት ቃል ጮኾ ወጣ።

ምን አሉ ብዬ ስጠይቀው «ስለ ቤዛ ነው» አለኝ። ይህንንማ አውቄዋለሁ።

ነሐሴ 15

በአጭሩ ልጻፈው።

እንየው ቤዛን ከፊት አጠገቡ አስቀምጦ ወደ ገበያ ሲነዳ፣ የባሕር ዛፍ አጣና የጫነ ጋሪ ከፊታቸው ቆሟል። የአጣናው ጫፍ ከጋሪው ወጥቶ በሰው ራስ ከፍታ ላይ ነበር። ገባበት። የፊት መስታወቱ ረገፈ። ቤዛ ግንባሯ ተጫረ። መነጽሩ ተሰነጠቀ፤ ዓይኗ ግን ምንም አልሆነ። መነጽሩ ነው ያዳናት። መነጽሩ ባይኖር…

«አላየሁትም» አለ።

ቀን ነው። ዝናብ የለም። ጋሪው ቆሟል። አጣናው የአልጋ ርዝመት ያህል ወጥቷል።

«እንዴት አላየኸውም?»

«አላየሁትም ማኔ» አለና አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔ ግን አላባበልኩትም። የቤዛን ልብስ በፌስታል ከተትኩ።

ነሐሴ 17፣ ዳንግላ

እናቴ ቤት ነን። እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ጥያቄዋ ግን ከምድጃው እስከ በሩ ይከተለኛል።

እዚህ ቤዛ ፕላስተሩን እሺ ብላ ትለጠፋለች። በር ላይ ተቀምጣ በግራ ዓይኗ የሚያልፈውን ጋሪ ትቆጥራለች። ፈረሱ ቀይ ይሁን ጥቁር ትነግረኛለች። አንዳንዴ ትክክል ናት። መጀመሪያ ሰሞን ፈረስ መሆኑንም አትለይም ነበር።

ለማን ልንገረው? ለአባቷ ልደውል ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ነሐሴ 24፣ ዳንግላ

እንየው መጣ። በባጃጅ አይደለም፤ በሚኒባስ። እናቴ ቤዛን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ቁጭ በል ብዬ ብለምነው አልቀመጥም አለ። ቆሞ ነው የነገረኝ።

«ከላይ በኩል የለም» አለኝ።

«ምኑ?»

«የሚታየው። ፊት ለፊቴን በደንብ አያለሁ። ከላይ ግን… ጨለማ አይደለም፣ ምንም አይደለም፤ የለም። ከልጅነቴ ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ልጆች ኳስ ሽቅብ ሲለጉ ለኔ ትጠፋለች። እናቴ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ሚስት የሚሰጥህ የለም አለችኝ።»

«መንጃ ፈቃድ ስታወጣስ?»

«ፊደሉ ፊት ለፊት ነው የሚለጠፈው።»

እኔም የምለው ነበረኝ። «እናትህ መቀሱ ነው ሲሉኝ አጠገቤ ነበርክ። አራት ዓመት! ሐኪሟ አንተንም ልየው ስትል እንኳ አንተ ተቆጣህ፣ እኔ ራሴን ወቀስኩ። ልጅህን ከፊት አስቀምጠህ ነዳህ!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም!»

እናቴ ጓሮ ሆና ሰምታለች። መንደሩም ሳይሰማ አይቀርም። ይስማ።

ስለ ጉበኑ፣ ስለ ሸራው፣ ስለ አገጩ የጻፍኩትን እያሰብኩ ነው። ሁሉንም አይቼዋለሁ። ዓይኔ ንጹሕ ነው ተብዬ!

ጳጉሜን 3፣ እንጅባራ

ተመለስን። ታረቅን ማለት አይደለም፤ ዩኒፎርሙ ስላላለቀ ነው። አንድ ነገር ግን አስምዬዋለሁ፤ ሐኪሟ ሳታየው ባጃጅ አይነካም። አልተከራከረኝም።

መስከረም 9፣ ባሕር ዳር

ዶክተር አምሳለ ለሁለቱም ጠብታ አደረገችላቸው። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ቤዛ «አባ፣ ያቃጥላል ግን ያልፋል» ትለዋለች።

የሱም ኮሎቦማ ነው። ከፊት ምንም የለም፤ ከኋላ ግን በሁለቱም ዓይኑ ሰፊ ክፍተት አለ። ሐኪሟ አሳምራ ነገረችው፤ ማሽከርከር የለበትም። ሌላ ልጅ ብንወልድ ሊወርስም ላይወርስም ይችላል፤ እንደተወለደ ግን ይታይ አለች። እንየው ሰምቶ ሲጨርስ «የሷ እንደኔ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ።

«አንተን ማንም አልረዳህም። እሷን እየረዳናት ነው» አለችው።

መንገዱን ሙሉ እሱ ቤዛን ታቅፎ መጣ።

መስከረም 14

ትምህርት ተጀመረ። ዮዲት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቤዛን ከፊት፣ መስኮቱን በጀርባዋ አድርጋ አስቀመጠቻት። ሥዕሎቹንም ከግድግዳው ላይ ዝቅ አድርጋ ለጥፋቸዋለች። አንድ ልጅ ስለ ዓይኗ ሲጠይቃት «ሲሠራ አልገጠመም፤ አባቴም እንደዚሁ ነው» አለችው አሉ። ልጁም «እሺ» ብሎ ወደ ጨዋታው ሄደ። ለካ ይኸው ነው።

ባጃጁን የአጎቱ ልጅ ይሄነው ይነዳዋል። እንየው መለዋወጫ ከሚሸጥ ሰው ጋር መዋል ጀምሯል። ተናዳጅ ሆኗል። እኔም ነኝ። እማማ ሸጋ እግራቸውን ከቤታችን አጥፍተዋል፤ ልጃቸው መሐላውን አፍርሶ ነገረኝ ብለው ነው።

መስከረም 28

እማማ ሸጋ ዛሬ ብቻቸውን መጡ። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ስፌቴን ግን አላቆምኩም። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቁኝም።

«ሐኪሟ ያለችሽን ለኔም ንገሪኝ» አሉ።

በእጄ አሳየኋቸው፤ ዓይን ከሥር ክፍት ሆኖ እንደሚጀምር፣ በሁለተኛው ወር እንደሚገጥም፣ አንዳንዱ እንደማይገጥም። እጄን ትክ ብለው አዩት።

«ስለ ወንዝስ ጠየቅሻት?»

«የምን ወንዝ እማማ?»

«እንየውን አርግዤ ከአዘና ስመለስ ቀትር ላይ ወንዝ ተሻገርኩ። አማቴ ቀትር ውኃ አትሻገሪ ብለውኝ ነበር፤ ቸኮልኩ። ልጁ ከፍ ሲል ከላይ የሚመጣውን እንደማያይ ታወቀ። ‹ወንዙ ነው፣ ያንቺ እልህ ነው› አሉኝ። እስኪሞቱ አልለቀቁኝም። አባቱም በዚሁ ተነሥቶ ሌላ አገባ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «በሱ እንዳይደርስ ብዬ ነው ያስማልኩት። ጠየቅሻት ወይ?»

እኔ ስለ ምንም ወንዝ አልጠየቅኩም። ከየት አውቄ? እናም ተናድጄ ነበር። መቀሱን እጄ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ላይ የተደረገውን እያወቁ። ዝም ማለት እችል ነበር።

«ጠይቄያታለሁ» አልኳቸው። «ወንዝ አይደለም ብላለች።»

«ብላለች?»

«ብላለች እማማ። የርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ለእንየውም ንገሪው። እሱም እስካሁን በኔ ጥፋት የመጣ ነው የሚመስለው» ብለው ወጡ።

ሲመሽ እንየው ገባ። እራቱን ሳላቀርብ ነገርኩት፤ ወንዙ ምክንያት እንዳልሆነ፣ ስለ አባቱ፣ ሁሉንም። ኮቱን ሳያወልቅ ሰማኝ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ እናቱ ቤት ቁልቁል ሄደ። ዝናቡ እየወረደ ነው፤ ጃንጥላም አልያዘ። ይዤለት ልከተለው ከበር ደርሼ ተመለስኩ።

ይበስብስ።